የሰማይን ፊት ማወቅ፣ ዘመንን መለየት



ወንጌላዊው ሉቃስ በምዕራፍ 12 ከቁጥር 54 እስከ 56 እንደ ጻፈልን፣ ጌታችን በአንድ ወቅት ለሕዝቡ የተናገረው ስለ ደመናና ስለ ነፋስ ነበር። ሰዎቹ ደመና ከምዕራብ ሲወጣ ባዩ ጊዜ ዝናብ እንደሚመጣ ያውቃሉ፤ ነፋስ ከደቡብ ሲነፍስ ደግሞ ሙቀት እንደሚሆን ይናገራሉ፤ እንዳሉትም ይሆናል። ጌታ ይህን ዕውቀታቸውን አልነቀፈም። የነቀፈው የሰማይንና የምድርን ፊት የሚያነብ ዓይን ይዘው ሳለ በፊታቸው የቆመውን ዘመን ለማንበብ አለመፈለጋቸውን ነው።

ይህ ቃል ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። ግንቦት ሊያልቅ ሲል ገበሬያችን ዓይኑን ከሰማይ አይነቅልም። ደመናው ከየት እንደ ተነሣ፣ ነፋሱ ወዴት እንደ ዞረ ያያል፤ ዘሩን መቼ እንደሚዘራ ከአባቱ የተማረው በዚሁ መንገድ ነው። ዝናቡ ሲዘገይም በየአብያተ ክርስቲያናቱ ምህላ ይደረጋል። እኛም በዚህ ጽሑፍ ይህንኑ የጌታን ቃል ለማሰላሰል ወደናል፤ ምሳሌ አድርገን የምንወስደው ግን በዘመናችን የሥነ ጥበብ ሰዎች የሠሩትን አንድ ሥራ ነው። ነገሩ መጀመሪያ ሲሰሙት ከስብከት የራቀ ይመስላል። ሆኖም ጌታችን ከመረብ፣ ከእርሾና ከሰናፍጭ ቅንጣት ምሳሌ እያነሣ ስላስተማረን፣ እኛም ከሽቦና ከራዲዮ ምሳሌ ብናነሣ አያስነቅፈንም ብለን እናምናለን።

የሥራው ዓይነት

እ.ኤ.አ. በ2020 ሶፊ ዳየርና ሳሻ ኤንገልማን የተባሉ፣ በሥነ ጥበብና በምርምር የተሰማሩ ሁለት ሴቶች በእንግሊዝ አገር «ኦፐን ዌዘር» የተባለውን ሥራ ጀመሩ፤ ስሙ «ክፍት የሆነ የአየር ሁኔታ» እንደ ማለት ነው። ሥራቸው ከአየር ሁኔታ ሳተላይቶች በቀጥታ የሚወርደውን የራዲዮ ምልክት ተቀብሎ ወደ ሥዕል መለወጥ፣ ሥዕሉን ለሕዝብ ማሳየት፣ ሌላውም ሰው ይህንኑ በገዛ እጁ ማድረግ እንዲችል ማስተማር ነው።

አሠራሩን በጥቂቱ እንግለጽ። ቲሮስ 1 የተባለችው የአየር ሁኔታ ሳተላይት እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1 ቀን 1960 ወደ ሕዋ ከተላከች ወዲህ የሰው ልጅ ደመናን ከበላዩ ሆኖ ማየት ችሏል። ከእርስዋ በኋላ ከተላኩት ከብዙዎቹ መካከል ኖአ 15፣ ኖአ 18 እና ኖአ 19 የተባሉት የአሜሪካ ሳተላይቶች ይገኛሉ። የተላኩትም እንደ ቅደም ተከተላቸው እ.ኤ.አ. በ1998፣ በ2005 እና በ2009 ሲሆን፣ እስከ 2025 ድረስ አገልግለዋል። እነዚህ ከምድር በላይ 850 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍ ብለው በሰሜንና በደቡብ ዋልታዎች አጠገብ እያለፉ፣ በ100 ደቂቃ ገደማ ምድርን አንድ ጊዜ ይዞሩ ነበር። እየዞሩም በበታቻቸው ያለውን ደመና፣ ባሕርና የብስ በመስመር በመስመር ይቃኙና፣ ያዩትን በዚያው ቅጽበት፣ በየሴኮንዱ ሁለት ሁለት መስመር፣ በ137 ሜጋኸርዝ አካባቢ በራዲዮ ወደ ምድር ይልኩት ነበር። ምልክቱ ለተመረጡ ሰዎች ብቻ ተብሎ የተቆለፈ አልነበረም፤ መቀበያ ያለው ሁሉ ይቀበለው ነበር።

መቀበያውም ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። እያንዳንዳቸው ግማሽ ሜትር ያህል የሆኑ ሁለት የብረት ዘንጎች አንቴና ይሆናሉ፤ አውራ ጣት የምታህል የራዲዮ መቀበያና አንድ ኮምፒዩተር ይጨመሩበታል። ሳተላይቷ ከአድማስ ብቅ ስትል መጀመሪያ የሚሰማው እንደ ዝናብ የሚንሿሿ ድምፅ ነው። ከፍ እያለች ስትሄድ ግን ከውስጡ እንደ ግድግዳ ሰዓት እየመታ የሚቀጥል ሌላ ድምፅ ጠርቶ ይወጣል። ኮምፒዩተሩ ይህን ድምፅ ወደ ብርሃንና ጥላ ይለውጠዋል፤ ሥዕሉም መስመር ከመስመር በታች እየተጨመረ ይታያል፤ ደመናው ነጭ፣ ባሕሩ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው ቢበዛ በሩብ ሰዓት ውስጥ ነው። ከዚያ ሳተላይቷ ትጠልቃለች፤ ድምፁም ይጠፋል።

ከዚህ ሥራ አራት ነገር መማር እንችላለን።

1. ድምፁ ለሁሉ ይወርዳል

እነዚህ ሳተላይቶች የሚዞሩት ዋልታን ከዋልታ እያገናኙ፣ ምድርም በበታቻቸው እየተሽከረከረች ስለ ነበር፣ ያላለፉበት አገር የለም። ምልክታቸው በለንደን ጣራ ላይ እንደ ወረደ ሁሉ በእኛም ቆርቆሮና ሣር ክዳን ላይ ወርዷል። ኖአ 15 ለ27 ዓመታት በራሳችን ላይ እያለፈ ሲናገር ኖሯል፤ ከመካከላችን የሰማው ግን እጅግ ጥቂት ነው። ድምፁ ስላልነበረ አይደለም፤ ጣራው ተቀብሎት ሳለ በቤቱ ውስጥ ያለነው ሳናውቀው ቀርተን ነው።

ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፣ እግዚአብሔር ዝም አለ ብለን ያዘንንበት ጊዜ አለ። በሕመም አልጋ አጠገብ፣ በመቃብር አፋፍ፣ ልጅ ከቤት ወጥቶ ወሬው በጠፋበት ሌሊት እንዲህ ያለ ሐዘን በሁላችንም ላይ ደርሷል፤ እኛ ካህናትም ከዚህ ነጻ አይደለንም። ይህን ሐዘን በቀላል ቃል መመለስ አንሻም። ሆኖም ማቴዎስ በምዕራፍ 5 ቁጥር 45 እንደሚያስተምረን፣ የሰማዩ አባት ፀሐዩን በክፉዎችና በደጎች ላይ ያወጣል፤ ዝናቡንም ለጻድቁና ለኃጢአተኛው ያወርዳል። ዝናቡን ያልከለከለ አምላክ ቃሉን ይከለክላል ብለን እንዴት እናምናለን? ቃሉ በፍጥረት፣ በቅዱሳት መጻሕፍት፣ በኅሊናችን፣ በቅዱስ ቁርባን ምሥጢር፣ በተለይም በተቸገረ ሰው ፊት በየዕለቱ ይደርሰናል።

ቤተ ክርስቲያንም የሚሰማውን ሁሉ በጥሞና መመርመር ግዴታዋ እንደ ሆነ ታውቃለች። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ ቤተ ክርስቲያንና ስለ ዘመናዊው ዓለም ባወጣው ሐዋርያዊ ድንጋጌ፣ በ4ኛው ቁጥር፣ የዘመኑን ምልክቶች መመርመርና በወንጌል ብርሃን መተርጐም የቤተ ክርስቲያን የዘወትር ተግባር መሆኑን አስተምሯል። በራዲዮ ረገድም ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ እ.ኤ.አ. በ1931 ማርኮኒ ያቋቋመውን የቫቲካን ራዲዮ ከፍተዋል፤ ተከታያቸው ፒዮስ 12ኛ ደግሞ በ1951 ቅዱስ ገብርኤል መልአክን በመገናኛ ሥራ ለተሰማሩት ሁሉ ጠባቂ አድርገው ሰይመውታል። መልአኩ የተሰየመው መልእክት አድራሽ ስለ ሆነ ነው። ነገር ግን በናዝሬት የተላከውን መልእክት የተቀበለች አንዲት ድንግል ነበረች። ሰማች፣ ደነገጠች፣ ጠየቀች፣ በመጨረሻም እሺ አለች። እመቤታችን ማርያም የመቀበል አርአያችን ናት።

2. ሥዕሉ ወደ ውጭ ወጥቶ ለቆመ ሰው ይገለጣል

ምልክቱ ለሁሉ ቢወርድም ሥዕሉ በሁሉ ቤት አይገኝም። ይህን ሥራ የሚሠሩ ሰዎች ሳተላይቷ የምታልፍበትን ሰዓት አስቀድመው ያውቃሉ፤ ከቤት ወጥተው ሰማዩ ወደሚታይበት ገላጣ ስፍራ ይሄዳሉ፤ አንቴናውን ያቀናሉ፤ ይጠብቃሉ። ሳተላይቷ ስለ ዘገዩት አትቆምም። ያ ሰዓት ካለፈ ያ ሥዕል አልፏል፤ የሚቀጥለው ማለፊያ ሌላ ደመና ያሳያል።

እዚህ ላይ የነቢዩ ኤልያስን አገልጋይ እናስታውስ። በ1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 18 እንደ ተጻፈው፣ ነቢዩ በቀርሜሎስ ራስ ላይ ተደፍቶ ሲጸልይ አገልጋዩን ወደ ባሕሩ እንዲመለከት ላከው። አገልጋዩ ሄዶ ምንም የለም አለ። ነቢዩም ሰባት ጊዜ እንዲመላለስ አዘዘው፤ በሰባተኛው የሰው እጅ የምታህል ትንሽ ደመና ታየች። ስድስት ጊዜ በባዶ የተመለሰው ያ አገልጋይ ስሙ እንኳ አልተጻፈልንም። ነገር ግን እርሱ ሰባተኛውን ጊዜ ባይወጣ ኖሮ የደመናዋን መውጣት ማን ይነግረው ነበር? ጸሎታችን ደርቆ ስድስት ቀን በባዶ ስንመለስ ይህን አገልጋይ እናስብ።

ሌላም ነገር አለ። አንቴናው ከግንብ ወይም ከዛፍ አጠገብ ከቆመ፣ ሳተላይቷ ከግንቡ ጀርባ በምትሆንበት ጊዜ የሚወርደው የሥዕሉ ክፍል በጭረትና በነጠብጣብ ይሸፈናል፤ ደመናም ባሕርም አይለይበትም። የኦፐን ዌዘር ሰዎች እንዲህ ያለውን ጭረት እንደ ነውር ቈጥረው አይደብቁትም፤ ተቀባዩ የት ቆሞ እንደ ነበር ይመሰክራልና። ይህ ለኅሊና ምርመራ መልካም ትምህርት ነው። በመንፈሳዊ ሕይወታችን ጥርት ያላለ፣ የተሸፈነ ስፍራ ባገኘን ጊዜ በላኪው ከማማረራችን በፊት በአጠገባችን ያለው ግንብ ምን እንደ ሆነ እንመርምር። ያልታረቅነው ወንድም ነውን? ያልመለስነው ገንዘብ ነውን? ወይስ ከማለዳ እስከ ማታ የማይዘጋው የገዛ ራሳችን ወሬ ነው? ወደ ምሥጢረ ንስሓ ስንቀርብ ጭረቱን ፍቀን ጥሩውን ብቻ እንዳናቀርብ እንጠንቀቅ። ካህኑ የሚጠብቀው የተዋበ ሥዕል አይደለም፤ እውነተኛውን ነው።

ታዲያ ወደ ውጭ መውጣት የማይችሉትስ? ሽማግሌውና በሽተኛዪቱ ምን ያድርጉ? ቅድስት ክላራ ዘአሲዚ በሕመም ተይዛ በልደት ሌሊት ወደ ቅዳሴ መሄድ ባልቻለች ጊዜ፣ በተኛችበት ሆና ሥርዓቱን እንዳየችና ዝማሬውን እንደ ሰማች የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ይነግረናል። ፒዮስ 12ኛ የቴሌቪዥን ጠባቂ ቅድስት ብለው የሰየሟት በዚህ ምክንያት ነው። ለመውጣት ለናፈቀና ላልቻለ ሰው እግዚአብሔር ራሱ ወደ አልጋው ይመጣል። ወደ ውጭ መውጣት ስንል በመጀመሪያ የልብን መውጣት ማለታችን ነው።

ለእናንተ ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ደግሞ በተለይ የምንለው አለን። በ1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 3 ብላቴናው ሳሙኤል ድምፁን ሰምቷል፤ ነገር ግን የማን ድምፅ እንደ ሆነ ስላላወቀ ሦስት ጊዜ ወደ ዔሊ ሮጠ። ዔሊ ዓይኑ የፈዘዘ፣ በቤቱም ብዙ ጉድለት የነበረበት ሽማግሌ ነበር። ሆኖም ልጁ ተመልሶ እንዲተኛ፣ ዳግመኛ ሲጠራም እየሰማ መሆኑን ለጌታ እንዲናገር አስተማረው። ድምፁን ዔሊ አልፈጠረውም፤ መቀበልን አሳየ እንጂ። የእናንተም አገልግሎት ይህ ነው። ዓይናችሁ የፈዘዘ፣ ትምህርታችሁ ያነሰ መስሎ በታያችሁ ጊዜ እንኳ፣ አንድ ልጅ ድምፁን እንዲለይ ከረዳችሁት ተግባራችሁን ፈጽማችኋል።

3. ማንም ብቻውን ምድርን ሁሉ አያይም

አንድ ሰው በአንድ ስፍራ ቆሞ የሚቀበለው ሥዕል ምድርን ሁሉ አያሳይም። ሳተላይቷ ከአድማስ እስከ አድማስ ስታልፍ ያየችውን አንድ ሰፊ ጭረት ብቻ ያሳያል፤ የቀረው የዓለም ክፍል ከእርሱ ተሰውሮ ይኖራል። ስለዚህ የኦፐን ዌዘር ሰዎች ከመጀመሪያው ጀምሮ ብዙ ተቀባዮችን ማስተባበር ፈለጉ። የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ በግላስጎው በተከፈተበት ዕለት፣ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 31 ቀን 2021፣ በልዩ ልዩ አገር የሚኖሩ ሰዎች በየደጃቸው አንቴና ይዘው ቆሙ፤ እያንዳንዱ የደረሰውን ቁራጭ ላከ፤ ቁራጮቹም ተጋጥመው የዕለቱ የምድር ገጽታ ሆኑ። ተሳታፊዎቹ ከሥዕሉ ጋር ማስታወሻ ይጽፋሉ፤ የት እንደ ቆሙ፣ በራሳቸው ላይ የነበረው ሰማይ ምን እንደሚመስል፣ በአካባቢያቸው ምን እንዳዩ ይገልጻሉ። ሳተላይቷ ከላይ ያየችውና ሰውየው ከታች ያየው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ።

ካቶሊክ የሚለው ስማችን አጠቃላይ፣ ሁሉን የሚያቅፍ ማለት መሆኑን ለተማሪዎቻችን እናስተምራለን። ነገር ግን የስሙን ትርጉም ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ የራሳችንን ቁራጭ እንደ ሙሉ ሥዕል አለመቍጠር ሌላ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 12 የአካል ክፍሎች አንዱ ሌላውን አታስፈልገኝም ሊለው እንደማይችል ያስተምራል፤ በምዕራፍ 13ም አሁን የምናውቀው በከፊል መሆኑን ያስታውሰናል። ካህኑ ከመንበረ ታቦቱ አጠገብ ሆኖ የማያየውን፣ እናት ውኃ ስትቀዳ ታየዋለች። የቁምስናው ምክር ቤት የማያውቀውን፣ በግ የሚጠብቅ ልጅ ያውቀዋል። እነዚህ ቁራጮች ካልተገጣጠሙ የቁምስናችን ሥዕል በጭረት የተሞላ ይሆናል።

4. ካዩ በኋላ

እስካሁን ስለ መቀበል ተናገርን። ጌታችን ግን ሕዝቡን የገሠጻቸው ምልክቱን አይተው ምንም ባለማድረጋቸው ጭምር ነው። እዚህ ላይ የሥነ ጥበቡን ሥራ ትተን፣ ስለ እነዚያው ሳተላይቶች ከአገራችን ታሪክ ጋር የሚያገናኝ አንድ ነገር እንናገር።

ሥዕሉን የሚቃኘው የኖአ ሳተላይቶች መሣሪያ ከደመና ሌላ የምድርን ልምላሜ ለመለካት ያገለግል ነበር። በአገራችንና በሱዳን ከደረሰው ረሃብ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካውያን ያቋቋሙት የረሃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት ከተጠቀመባቸው ነገሮች አንዱ ይህ የልምላሜ ልኬት ነው። መሣሪያው በበጎ አሳብ በሥራ ላይ የዋለ መልካም መሣሪያ ነው። የ1977 ዓ.ም. ረሃብ ግን የምልክት እጥረት ብቻ አልነበረም። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በማርች 1984 ሚሊዮኖች ለረሃብ መጋለጣቸውን ለዓለም ለጋሾች አስታውቆ ነበር። የኮረም ሰዎች ሥዕል በቢቢሲ ቴሌቪዥን የታየው ግን ኦክቶበር 23 ቀን 1984 ነው፤ ዓለምም በስፋት የተነቃነቀው ከዚያ በኋላ ነው። በማስጠንቀቂያውና በሥዕሉ መካከል ሰባት ወር አለፈ። በዚያ ሰባት ወር የሞቱትን እግዚአብሔር በስማቸው ያውቃቸዋል።

ይህን ስናነብ ጣታችንን በመንግሥታት ላይ መቀሰር ይቀለናል። እንግዲያው ወደ ራሳችን እንመለስ። በአንድ ቁምስና ስናገለግል፣ ዘወትር እሑድ በሁለተኛው ምሰሶ አጠገብ የሚቀመጡ አንዲት አሮጊት እናት ነበሩ። ክረምት ከገባ በኋላ ስፍራቸው ባዶ ሆነ። ሁላችንም አየን። አንዱ ዝናብ ፈርተው ነው አለ፤ ሌላው ወደ ልጃቸው ሄደው ይሆናል አለ፤ እኛም በልባችን የሚቀጥለው ሳምንት እንጠይቃለን አልን። እንዲህ እያልን ስድስት እሑድ አለፈ። በሰባተኛው ሳምንት ሁለት ምእመናን ይዘን ሄድን። ጣራው አፍስሶ፣ እርሳቸውም ታመው፣ ቤቱ ውስጥ ደረቅ በነበረችው አንዲት ማእዘን ተጠቅልለው ተኝተው አገኘናቸው። ይቅርታ ልንጠይቅ አፋችንን ስንከፍት ቀድመውን «አባ፣ ዝናቡ መንገዱን ከልክሏችሁ ነው እንጂ እናንተስ አልረሳችሁኝም» አሉን። ዝናቡ መንገዱን አልከለከለንም ነበር። እኒያ እናት በራሳቸው ችግር ውስጥ ሆነው ለእኛ ምክንያት ፈለጉልን። ጣራው በሁለት ቀን ተጠገነ፤ ሥራው ይህን ያህል ትንሽ ነበር። እርሳቸውም ቀስ በቀስ ድነው ወደ ስፍራቸው ተመለሱ። እኛ ግን በዚያ ክረምት የተሰበከውን የገዛ ስብከታችንን ዛሬም ስናስታውስ እናፍራለን፤ ስለ ዝናብ ምሕረት ነበርና።

የሰማይን ፊት እናውቅ ነበር፤ የአንዲትን እናት ባዶ ስፍራ ግን አላነበብንም። ሐዋርያው ያዕቆብ በምዕራፍ 2 የተራቈተና የተራበ ወንድም አይቶ በመልካም ቃል ብቻ የሚያሰናብተውን ሰው የሚወቅሰው ስለዚህ ነው። ኤልያስም ደመናዋ በታየች ጊዜ ቁጭ ብሎ አላደነቃትም፤ ዝናቡ መንገድ ሳይዘጋ አክዓብ ሠረገላውን ጭኖ እንዲወርድ ወዲያው ላከበት።

ዛሬ የምንለው ቀን

ከላይ የጠቀስናቸው ሦስቱ ሳተላይቶች አሁን ዝም ብለዋል። ኖአ 18 እ.ኤ.አ. በጁን 2025፣ ኖአ 19 እና ኖአ 15 ደግሞ በኦገስት 2025 ከአገልግሎት ተሰናብተዋል። በሌላ ዓይነት ምልክት የሚናገሩ ሌሎች ሳተላይቶች ቢኖሩም፣ እንደ ሰዓት የሚመታው ያ የቀድሞ ድምፅ ከእነዚያ ከሦስቱ ዳግመኛ አይሰማም። ነገ እቀበለዋለሁ ብሎ አንቴናውን በቤቱ ያኖረ ሰው ዕድሉ አልፎታል።

ምሳሌያችን እዚህ ላይ ወሰን አለው። የሰው እጅ ሥራ ያረጃል፤ ክርስቶስ ግን ትናንትም ዛሬም ለዘላለምም ያው እንደ ሆነ የዕብራውያን መልእክት ያስተምረናል። ሳተላይት ከ850 ኪሎ ሜትር ርቀት ያያል፤ አይወርድም። የእግዚአብሔር ቃል ግን ከሩቅ ማየትን ብቻ አልወደደም፤ ሥጋ ሆኖ በመካከላችን አደረ፤ ራበው፣ ጠማው፣ ጣራ በሌለበትም አደረ። ስለዚህ የእግዚአብሔር ድምፅ አይደክምም። የሚያልፈው የእኛ ቀን ነው፤ የሚያልፈው ባልንጀራችን የጠራን ሰዓት ነው። መዝሙረ ዳዊት (መዝ. 95) ድምፁን ዛሬ ብንሰማ ልባችንን እንዳናደነድን የሚያስጠነቅቀን «ነገ» የተሰጠን ባለመሆኑ ነው።

ተወዳጆች ሆይ፣ ይህ ጽሑፍ ተነብቦ ብቻ እንዳይቀር፣ እስከሚቀጥለው እትም ድረስ ሦስት ነገር እንድንይዝ እንለምናችኋለን። አንደኛው፣ እያንዳንዳችን በቀን ሩብ ሰዓት፣ አንዲት ሳተላይት ለማለፍ የሚበቃትን ያህል ጊዜ፣ ከወሬና ከራዲዮ ተለይተን የዕለቱን ወንጌል በጸጥታ እናንብብ። ሁለተኛው፣ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን በየወሩ መጨረሻ በክፍላቸውና በመንደራቸው ማን እንደ ጎደለ፣ ማን እንደ ታመመ፣ የማን ቤት እንዳፈሰሰ በአንድ ወረቀት ጽፈው ወደ ቁምስናው ያምጡ፤ ሌሎቹም ማኅበራት እንዲሁ ያድርጉ፤ ቁራጮቹም በአንድ ገበታ ላይ ይገጣጠሙ። ሦስተኛው፣ ለእያንዳንዱ ስም ማን መቼ እንደሚሄድ ሳይወሰን ስብሰባው በጸሎት አይዘጋ። የስድስት እሑድ ዝምታ በማናችንም ቁምስና እንዳይደገም ከልባችን እንመኛለን።

ደመናን የምትሰበስብ፣ የድኻውንም ጩኸት የምትሰማ አምላካችን ሆይ፤ ድምፅህን እንድንለይ ጆሮ፣ የጎደለውን እንድናይ ዓይን፣ ካየንም በኋላ ሳይመሽ የሚነሣ እግር ስጠን። ቃልህን ሰምታ እሺ ያለች እናታችን ማርያም ስለ እኛ ታማልደን። በጌታችን በኢየሱስ ክርስቶስ። አሜን።